እትዬ አይሆንም እና የክፉ ቀን ገንዘባችን

በብርድ ልብስ ፋብሪካችን ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ በር ጠባቂው ሁላችንም «እትዬ አይሆንም» ነበር የምንላት። ፊት ለፊቷም እንደዚያው እንጠራታለን፤ እሷም ቀና ብላ «አቤት» ትላለች። እኔ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ውስጥ ከጎኗ ያለውን ማሽን ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ ክፍል ጫጫታ ከንፈር ማንበብ ያስተምራል። ድምፅ ሳናወጣ ስናወራ፣ ድምፅ ሳናወጣ ስንስቅ ነው ያረጀነው።

ስሙ የወጣላት የሠራተኛ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ከሆነች በኋላ ነው። ከዚያ በፊትማ እምቢ የማታውቅ ሴት ነበረች። ፈረቃ ቀይሪኝ ላላት ትቀይራለች፣ ጃንጥላዋን ለለመናት ሰጥታ ራሷ ዝናብ ሲወርድባት ትገባለች። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ እስከ ዛሬ «እኔንስ ያገባችኝ እምቢ ማለት አፍራ አይደል?» እያለ ሰው ያስቃል።

ነገሩ የጀመረው የቦይለር ሠራተኛችን የሞተ ጊዜ ነው። ታሞ ከርሞ ነው የሞተው፤ ሚስትና ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ከየክፍሉ ተወከልንና የሣጥን መግዣ እንዲሰጠን ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድን። የያኔው ሊቀመንበር ደልደል ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ ሰው ነበር።

«ገንዘቡማ አለ» አለን፤ «ብቻ አሁን የለም።»

ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ቆቡን አውልቆ በየክፍሉ አዞረና ሣጥኑ በዚያ ተገዛ። ከቀብር ስንመለስ እሷ አጠገቤ ነበረች፤ መንገዱን ሙሉ ከደሞዟ በየወሩ የተቆረጠውን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀመንበሩ ስለ ማኅበሩ እድገት ረጅም ንግግር አደረገና «ጥያቄ ያለው?» አለ፤ የሚጠይቅ እንደሌለ እርግጠኛ ሆኖ። ያቺ ሳትጠራ የማትናገር ጎረቤቴ እጇን አወጣች። ስትነሣ የቀሚሷን ጫፍ ይዤላታለሁ።

«ጋሼ፣ ከደሞዛችን በየወሩ የሚቆረጠው መዋጮ የት ነው ያለው?» አለች።

«ወጪ አለ እኮ እህቴ። ስብሰባ አለ፣ ጉዞ አለ፣ የእንግዳ መስተንግዶ አለ።»

«እንግዶቹ እነማን ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፤ አሁን በስም ልዘረዝራቸው አልችልም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ እኮ ሲገቡም አላየናቸውም፣ በልተው ሲወጡም አላየናቸውም» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ግን ቁጣ መጣ፤ ያን ቀን ሊቀመንበሩ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካውንም ለቀቀ። ገንዘቡን ውሃ በላው፤ የመለሰውም የከሰሰውም የለም። ምርጫ ላይ አንዱ ከኋላ «የጠየቀችው ትያዘው!» ብሎ ጮኸ፣ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ፣ እሷም እንደ ልማዷ እምቢ ማለት አቃታትና ገንዘብ ያዥ ሆነች።

የተረከበችው አንድ ማኅተም፣ የደረቀ የቀለም ስፖንጅና ባዶ የባንክ ሒሳብ ነው። ቢሮ ተብሎ የተሰጣት ደግሞ ከቦይለሩ ክፍል ጎን ያለ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበር፤ ግድግዳው ስለሚግል በክረምት ሰው ሁሉ በሰበብ ይመጣል፣ በበጋ ግን ከእሷ በቀር ማንም አይደፍረውም። ትምህርቷ በማታ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው። የፋብሪካው ሒሳብ ሹም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ደግ ሴት፣ ምሳ ሰዓቷን እየሰዋች የሒሳብ አያያዝ አስተማረቻት። እትዬ ይህን ውለታ በየአጋጣሚው ታነሣዋለች። «ዓይኔን የገለጠችልኝ እሷ ናት» ትላለች።

ከዚያ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀረበች። ከሚሰበሰበው መዋጮ ሲሶው በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ስሙም የክፉ ቀን ይባል፣ ጉባኤ ካልፈቀደና ሦስት ሰው ካልፈረመ ማንም እንዳይነካው። ተስማማን። እሷም በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ትለጥፋለች። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ፈረቃ ሲቀየር የክር መጠቅለያ ቀሰም የሚቀመጥበት ሣጥን ላይ ወጥታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ድምጿ አይወጣም ነበር። በዓመቱ ግን ከግቢው ውጭ ያለ ሊስትሮ እንኳን የማኅበራችንን ሒሳብ በቃሉ ያውቅ ነበር።

ገንዘቡ ማበብ ሲጀምር ጠያቂው በዛ። አንዱ ሊያገባ ነው፣ አንዱ ጣሪያው አፍስሷል፣ አንዱ በግ አርብቶ ሊከብር ነው። ሁሉንም አስቀምጣ፣ ጨርሰው እስኪያወሩ በትዕግሥት ሰምታ፣ «አይሆንም» ትላለች። ስትል ፊቷ ያዝናል፣ ቃሏ ግን አይነቃነቅም። የፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ ግዙልን ብሎ መጣ፤ ያው አይሆንም ተባለ። ልጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ነጭ ካናቴራ ገዝተው በማቅለሚያ ክፍሉ ቀለም ከቁጥር በታች ስም መጻፊያው ላይ «አይሆንም» ብለው ጽፈው ሜዳ ገቡ። አሥራ አንዱም! በረኛው አይሆንም፣ አጥቂው አይሆንም። የተቃራኒው ቡድን ግራ ገብቶት ዳኛውን ይጠይቃል። እሷ ከባሏ ጋር ዳር ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በማግስቱ ከራሷ ኪስ አዲስ ኳስ ገዝታ ሰጠቻቸው፤ ስሙ ግን በዚያው ጸና።

ሁሉም በሳቅ አላለፈም። ታናሽ ወንድሟ ማቅለሚያ ክፍል ነበር የሚሠራው። እናታቸው ከሞተች በኋላ እሷ ናት ያሳደገችው። ሚስቱ ታማ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ሲባል ቤቷ መጣ። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«እታለም፣ ብድር ነው። በየወሩ ከደሞዜ ቁረጪ» አላት።

«የማኅበሩን አይሆንም፣ ወንድሜ። ያለኝን ግን እሰጥሃለሁ።»

«ያለሽን አልጠየቅኩም! ከቤትሽ ልወስድ አልመጣሁም። አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። ግን ላንተ ከሰጠሁ፣ ነገ ለሚመጣው በምን አፌ እከለክላለሁ?»

የሌላ ሰው ልብስ እየሰፋች ማታ ማታ የምትደጉምበት የስፌት መኪና ነበራት። እሱን ሸጠች። ባሏም ከአለቃው የጉዞ አበሉን አስቀድሞ ተቀበለና ጨመረበት። ሚስትየዋ ታከመችና ዳነች። ወንድሟ ግን ተቀየማት። ሰላምታ አልነፈጋትም፤ ያቺን «እታለም» የምትለዋን ቃል ግን ነፈጋት። ለዓመታት እንደ ማንም ሰው «እትዬ አይሆንም» ብሎ ጠራት። ይህ እንደ እሾህ ይወጋት እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ባለፈ ቁጥር ማሽኗ ላይ ያለው ክር ይበጠስባታል።

አሁን ስለ ማይክ ልንገራችሁ። አዲሱ ሊቀመንበራችን የቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሰ መካኒክ ነበር። የድምፅ ማጉያ ካየ ሳይጨብጠው ስለማያልፍ «ማይክ» እንለዋለን። ወሬው ይበዛ እንጂ ቅን ሰው፣ አርቆ የሚያይ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያሉት ሱቆች ተደርድረው ለሽያጭ ቀረቡ፤ ባለቤቱ ከተማ ሊለቅ ነው። ማይክ «ከክፉ ቀኑ ገንዘብ እንግዛቸው፤ ኪራይ ያስገቡልናል» አለ።

እሷ ተነሣች። «ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል፣ ወለድ አለው፣ አይነቃነቅም። ሱቅ ተከራይ ያጣል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አይሆንም።»

ጉባኤው እሷን አመነ። እውነት ለመናገር ማይክን ስለማናምን ሳይሆን፣ እሷን ማመን ልማድ ስለሆነብን ነው።

ዓመታት አለፉ። በሩ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር እያደገ ሄደ፤ እኛም እያየን ደረታችንን ነፋን። አንድ ቀን ሣጥኗ ላይ ቆማ አንብባ ስትጨርስ፣ ወለል የምታጸዳ አንዲት ትልቅ ሴት መጥረጊያዋን ተደግፋ ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ቁጥሩስ ይደግ። ፋብሪካው ቢዘጋ ስንት ወር ያኖረናል?»

እትዬ ያነበበችውን ወረቀት እንደገና አየችው። «ነገ እነግርዎታለሁ እማማ» ብላ ወረደች።

እቤቷ ሄዳ አሰላችው። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ያ ገንዘብ ሁላችንንም አንድ ክረምት ሊያሻግረን ይችል ነበር። አሁን ቁጥሩ በእጥፍ አድጎ እንኳን ከወር ብዙም አያልፍም። ገበያው ሁሉ ሰማይ ወጥቷል፤ ወለዱ ከዋጋው እግር ስር እንኳን አልደረሰም። ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይነካው፣ እሷ እየጠበቀችው ገንዘቡ እንደ በረዶ ቀልጧል። ባሏ «ያን ቀን እህል ባፏ አልዞረም» አለኝ። «ሌባ ቢሆን እኮ እጁን እይዘው ነበር» ትል ነበር አሉ።

በማግስቱ ማይክን ፍለጋ ወረደች። አብሬያት ነበርኩ። ጥጥ ማባዘቻው ማሽን ሥር ተንጋልሎ የሚታየው ሁለት ጫማው ብቻ ነው። ለጫማዎቹ ተናገረች።

«ስማ፣ ያኔ ስለ ሱቆቹ ያልከው ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከሥር ድምፅ መጣ። «ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

«ሰምተኸኛል።»

«ማሽኑ ይጮሃል እኮ።»

«ማሽኑ ጠፍቷል!»

«እንግዲያው ድገሚው። ማይክ ላምጣልሽ?»

ግሪስ የጠጣ ፊቱን ይዞ ሲወጣ ሦስታችንም ተሳሳቅን። እሱም ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «ብያችሁ ነበር» ሲል አልሰማሁትም፤ ለማይክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ግን በሚቀጥለው ጉባኤ ራሷ ተነሥታ፣ እጅግ በጣም ቀስ ብላ፣ ገንዘባችን በእሷ እምቢታ ስንቱ እንደቀለጠ አስረዳች። «ሌላ ገንዘብ ያዥ ብትመርጡ አልቀየምም» አለች። ከዚያ ያቺ የምታጸዳው እናት «ሌላውማ ቢሆን አይነግረንም ነበር» አለችና ነገሩ አለቀ።

ሱቆቹን ያኔ ከገዛቸው ነጋዴ ላይ ገዛን። ሁሉንም አይደለም፤ ዋጋው ንሮ ስለነበር አቅማችን የቻለው አራቱን ብቻ ነው። አንዱን ልብስ ሰፊ፣ አንዱን ፋርማሲ፣ ሁለቱን ዕቃ ነጋዴ ተከራየው። ኪራዩ በየወሩ እየገባ፣ በየዓመቱ ከገበያው ጋር እየተጨመረ፣ ተቀማጩ እንደገና ነፍስ ዘራ። እሷም በሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን አዲስ መስመር ጨመረች፤ «ይህ ገንዘብ ለዚህን ያህል ጊዜ ያኖረናል» የሚል።

ክፉው ቀን የመጣው ፋብሪካው ባለቤት ሲቀይር ነው። አዲሱ ባለቤት ደሞዛችን በሲሶ ካልተቀነሰ አልሠራም አለ። ማይክ ለሳምንታት ተደራደረ፤ ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ጉባኤው ሥራ እናቁም ብሎ ወሰነ። ባለቤቱ በሩን ቆለፈብን። ከሱቆቻችን ፊት ያለው በረንዳ ቢሯችን ሆነ፤ እሷ ከልብስ ሰፊው የተዋሰችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ አባል ግማሽ ደሞዝ መክፈል ጀመረች።

አንድ ችግር ነበር። ፋብሪካው በኮንትራት የሚቀጥራቸው፣ አባል እንዳይሆኑ የተከለከሉ ሠራተኞች ነበሩ። ባለቤቱ «እናንተ ግቡና ሥሩ» ብሎ ጠራቸው። አልገቡም፤ ከኛ ጋር ውጭ ቆሙ። ግን መዋጮ ከፍለው አያውቁምና ከክፉ ቀኑ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሳቸውም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፊታቸው መገርጣት ጀመረ። ጉባኤ ተጠራ፤ መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ።

«ያልዘሩትን ሊያጭዱ ነው?» አለ አንዱ። «ልጆቼ ናቸው የሚቀድሙት» አለች ሌላዋ። ማይክ እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የድምፅ ማጉያውን ከእጁ አስቀመጠ። ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። ምን እንደምትል እናውቅ ነበር፤ ቢያንስ የምናውቅ መስሎን ነበር።

«ደንቡ አይፈቅድም» አለች። «ደንቡን ያወጣነው ግን እኛ ነን፣ ዛሬ መለወጥም እንችላለን። ስሙኝ። ከነሱ ጋር ከተካፈልን ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል፤ ይህን አልደብቃችሁም። ካልተካፈልን ደግሞ ርቧቸው ይገባሉ፣ ማንም አይፈርድባቸውም። እነሱ ከገቡ ፋብሪካው ይዞራል። ፋብሪካው ከዞረ እኛ እዚህ ቁጭ ብለን የምንበላው ገንዘብ ምን ይጠቅመናል? እኔ እንካፈል ባይ ነኝ።»

ከመሀል ወንድሟ ተነሣ።

«ሚስቴ ስትታመም ለኔ ያልተፈታ እጅ፣ ለማያውቃቸው ሊፈታ ነው?»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እሷ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ያኔ የጠየቅኸው እኔን ነው፣ ወንድሜ። እኔ ደግሞ የኔ ያልሆነውን ልሰጥህ አልችልም ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ጉባኤው ነው። ጉባኤው እምቢ ካለ፣ እነሱንም እመልሳለሁ፤ አንጀቴ እያረረ እመልሳለሁ። ያን ቀን ላንተም አርሯል።»

እሱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ድምፅ ተሰጠና ሐሳቧ በጥቂት ብልጫ አለፈ። ወንድሟ እጁን ያውጣ አያውጣ አላየሁም። ብቻ በማግስቱ ጠዋት ክፍያ ሲጀመር ጠረጴዛውን ከልብስ ሰፊው ቤት ተሸክሞ አመጣና «የት ላድርገው፣ እታለም?» አላት። እሷ በእጇ አመለከተችው።

ክፍያው ቀጠለ። ገንዘቡ ሲሳሳ ግማሹ ሲሶ ሆነ፤ ፋርማሲው የሚመጣውን ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ከፈለን። በሦስተኛው ወር ባለቤቱ፣ ያዘዙት ደንበኞቹ ሊሸሹት ሲሉ፣ ለድርድር ተቀመጠ። ደሞዛችን ሳይቀነስ ተመለስን። ኮንትራቶቹም አባል የመሆን መብት አገኙ። ሁሉንም አሸነፍን አልልም፤ አንዱ ፈረቃ ተዘግቶ ካሳ ተቀብለው የወጡ ጓደኞች አሉን። እሷ የሚወጡትን አንድ በአንድ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻቸው።

የዓመቱ ሪፖርት ላይ ተቀማጩ ሳምንት እንኳን የማያኖር ሆኖ ቀረበ። አንድ ሰው «ስንት ዓመት ያጠራቀምነውን በአንድ ክረምት ጨረስነው» ብሎ አጉረመረመ።

«አልጨረስነውም» አለች። «ደሞዝህን ስትቀበል ቁጠረው። ሲሶው እዚያ ነው ያለው።»

እሷ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ያ ሒሳብ እንደገና መሙላት ሲጀምር፣ ጡረታ ወጣች። ቦታዋን የተረከበችው ከኮንትራቶቹ አንዷ የነበረች ሴት ናት። ሥራውን ስታስረክባት ሳምንቱን ሙሉ አብራት ዋለች፤ ከዚያ በኋላ ካልተጠራች ቢሮው ደርሳ አታውቅም። «ሰው ትከሻዋ ላይ ቆሞ ሒሳብ እንዴት ይሠራል?» ትላለች። ሱቆቹን ግን መተው አልቻለችም። በየሳምንቱ ብቅ ብላ ግድግዳ ትዳስሳለች፣ ተከራዮቹን ስለ በራቸው ማጠፊያ ትጠይቃለች።

ባለፈው ክረምት የልብስ ሰፊው ጣሪያ ያፈሳል ሲባል ሰማች። እኔ ስደርስ መሰላል ተደግፎ፣ እሷ ከላይ ሆና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን ቅጠል በእጇ እያወጣች ትጥላለች። ባሏ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ከታች ይጮሃል።

«ኧረ ውረጂ አንቺ ሴትዮ! በዚህ ዕድሜሽ! ሠራተኛ እናመጣለን!»

«ያዘው ዝም ብለህ» አለችው፤ አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ትከሻው ላይ አረፈ። «ያዢው፣ ጎረቤቴ፣ አንቺም ያዢው፤ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ልሻገር ነው።»

መሰላሉን ያዝኩላት።